ከነጩኸቱ

አዲስ ዘፈን የለም። ቀድመን እንናገር፣
ኋላ "ውርጭ ባንድ ሸወደን" ብሎ ሰው እንዳያማርር።
ስድስቱ የድሮው ነው፤ እንደ ባና ክር
ተተርትሮ፣ ታጥቦ፣ ዳግም በእንዝርት የሚሾር።
አምስቱ ግን ከመድረክ በቁሙ የተያዘ፣
ጉንፋኑን እንዳዘለ አገር የተጓዘ።

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ ከብየዳ ቤት ጀርባ፣
አንዲት ክፍል አለች ጎንበስ ካላሉ የማታስገባ።
ናሁሰናይ ግድግዳዋን በአሮጌ ባና አልብሶ
"ስቱዲዮ" አላት፤ እኛም አመንን፣ ማን ይጠይቃል መልሶ።
(ከባናው ሥር አይጥ አለች፤ እሷም ተቀድታለች፣
ሦስተኛው ላይ ከከበሮው በፊት ትቧጥጣለች።)

ናሁ ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ፣ ሌሊቱን አጋምሶ፣
እንደ እነዋሪ ምስር ጠጠሩን ለቅሞ፣ ገለባውን አንፍሶ፣
የሸዋፈራሁን ከበሮ ከፍ አርጎ፣ የኔን ቤዝ ቀበረ፤
ምን እንደበደልኩት ጠየቅሁት፤ እያፏጨ አደረ።
የእማዋይሽን ድምፅ አራት ቦታ ከፍሎ
አራት እማዋይሽ ሠራ፣ አንዷን ከአንዷ ነጥሎ፦
አንዷ ታወርዳለች፣ ሁለቱ ይቀበላሉ፣
አራተኛዋን ግን "ከጣርማ በር ዋሻ ነው የጠራችን" ይላሉ።
ባሏ ሰማና "እኔን አንዷም በዝታብኛለች" አለ፤
ሳቀች፤ አራቱም የሳቁ መሰለኝ፤ ክፍሉ ሞቀ፣ ቀለለ።

ሰባተኛው ደብረ ሲና ነው፤ ጭጋግ ወጥቶ መድረኩን ውጦት፣
ሸዋፈራሁ በማንኪያ መታ፣ የከበሮውን ዱላ አንዱ ሰርቆት።
አሥረኛው ላይ እማዋይሽ ግጥሙ ጠፍቶባት በ"እህም" ጨረሰችው፣
ከሁሉ እሱን ነው ሰው ደጋግሞ የሚያዳምጠው፤ እሷ ግን ጠላችው።

ስምንተኛው መሐል ሜዳ ነው፤ የእህል መጋዘን ውስጥ፣ ሰው ታጭቆ፣
መብራት ሄደ። ጊታሩ ተቆረጠ፣ እንደ ቧንቧ ውሃ ደርቆ።
የአይችሉህም ማሲንቆ ብቻ አልሰማም፤ ቀጠለ፤
ሕዝቡ በመዳፉ ከበሮውን ተካ፣ ጨለማው ተቀጣጠለ።
ጄኔሬተሩ ሲነሣ የራሱን ዜማ ይዞ መጣ፣
አይችሉህም ጆሮውን ጣል አርጎ፣ ጭራውን ወደ ሞተሩ አመጣ።
ትዝታ ነው፣ ባቲ ነው ብላችሁ አትከራከሩ፤
ከዚያ ወዲያ ያለው የናፍጣ ቅኝት ነው፣ ከነምሥጢሩ።

በዚያ ጨለማ ውስጥ አንድ ሰው ጮኸ፦
"ሽቦውን ተዉትና ጭራውን አሰሙን!"
ናሁሰናይ ጠጠር መሰለው፤ ለቀመው።

ናሙናው በወጣ በሳምንቱ አንድ ሽማግሌ ከሞላሌ መጣ፣
ማንደፍሮ ይባላል፤ ፍላሽ ከመሐረብ ፈትቶ አወጣ።
"ልጄ አመጣችልኝ። ሰማሁት። ስምንተኛው ላይ እኔ የለሁም።"
"አባቴ፣ እሱ ጩኸት ነው፤ ጩኸት ደግሞ አናስገባም።"
"እናንተስ?" አለ።
ማንም አልመለሰም።

መለሰው ናሁ። ግን እጁ አያርፍም፤ ማሚቶ ጨመረበት፣
"አሰሙን... ሰሙን... ሙን" እያለ መጋዘኑ ገደል ሆነበት።
ሽማግሌው ማዳመጫውን አወለቀ፦ "እኔ አንዴ ነው የተናገርኩት።"
ማሚቶውም ተነሣ።

አዲስ ዘፈን የሌለን ለምን እንደሆነ አልነገርኳችሁም።
አይችሉህም ትቶን ሄደ፤ ተጣላን ልል አልችልም፤
ሸዋ ሮቢት ነው፣ ሲኖትራክ ይነዳል፣ ሽንኩርት ይጭናል፤
ማሲንቆውን "ለማን ሰጠህ?" ስለው "እቤት ተሰቅሏል" ይላል።

እና ያን ጩኸት ስንመልሰው፣ ከኋላው ተጣብቆ
አብሮት የተቆረጠ ነገር መጣ፦
የአይችሉህም ሳቅ፤ ማይኩን ረስቶ፣ ማሲንቆው ላይ ወድቆ።
አራት ሰከንድ አይሞላም። እሱን ፍለጋ አልነበርንም፤
ከጠጠሩ ጋር ለቅመን ጥለነው ነበር፤ እንደጎደለን እንኳ አላወቅንም።

ስምንተኛው ጋ ስትደርሱ ድምፁን ከፍ አድርጉት።
ሽንኩርት ጭኖ ጣርማ በርን ሲወጣ ይሰማው እንደሁ ማን ያውቃል፤
ዋሻው ውስጥ ሬዲዮ ይቆረጣል፤ ፍላሽ ግን አይቆረጥም።
አንድ በኪሴ አለ።